አልረጋ ያለው መናኸሪያ

በኮምፒውተሬ ውስጥ የተሰለፈው ሰው ከአርባ ምንጭ ሕዝብ የበለጠ ዕለት፣ አከራዬ እንደ ልማዳቸው ቁርስ ይዘውልኝ መጡና ከበሩ ላይ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሰዎቹ ዛሬም አልሄደም?»

«አልሄዱም፣ እትዬ።»

«ታዲያ እዛ ውስጥ ምን ይበላል?»

እትዬ ይህን የሚሉት እያሾፉብኝ ይሁን ከልባቸው አዝነው እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። ፊታቸው ላይ ግን እውነተኛ ኀዘን ነበር። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ሙዝ ሲነግዱ ስለሆነ፣ በእሳቸው ቤት አንድ ሰውም ይሂድ አንድ ቀበሌ «ሄደ» ነው። እኔም የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነኝና አፌ እስኪቃና ድረስ ስንቱን ወንድ ሴት፣ ስንቷን ሴት ወንድ ሳደርግ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ አልስቅባቸውም። ያመጡልኝን ኩርኩፋ፣ ያቺን ከሃለኮ ቅጠል ጋር የምትቀቀል የበቆሎ ድብልብል፣ እየዋጥኩ ስክሪኑ ላይ አፈጣለሁ። መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። ትናንትም ሽቅብ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። ባጃጅ የአርባ ምንጭን ሁለት ሰፈሮች፣ የሲቀላንና የሴቻን መንገድ በሞላበት፣ የራሱ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ግን ገና እንደ ሀብታም በሚታይበት ዘመን፣ በስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይኸው ነው፤ ደጋው ላይ ወዳለችው ወደ ገረሴ ከተማ የሚሄድ ሰው መናኸሪያ ውስጥ በአማካይ ምን ያህል ይጠብቃል? ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር ውስጥ የውሸት መናኸሪያ ሠራሁ፤ ሲሙሌሽን ይሉታል። የውሸት መንገደኛ ይመጣል፣ ይሰለፋል፣ የውሸት ቅጥቅጥ ይሞላና ይነሳል። መቼ እንደሚመጣ ኮምፒውተሩ በዕጣ ይወስናል፤ ዕጣው ግን እኔ እውነተኛው መናኸሪያ ሄጄ በቆጠርኩት ልክ የተመጠነ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ዓመቱን በደቂቃ እየጨረሰ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ አማካዩን አነባለሁ። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ሥራ ነው።

ገረሴን የመረጥኩት ለሳይንስ ብዬ አልነበረም። እጮኛዬ የገረሴ ልጅ ናት፤ እዚያው አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን በቅጥቅጥ ወርዳ ሲቀላ አክስቷ ዘንድ ታርፋለች። የገረሴን መንገደኛ መቁጠር ማለት እሷ ስትወርድ መናኸሪያ መገኘት ማለት ነው። ለፍቅር ተብሎ ስንት ነገር ይደረጋል፤ እኔ ያደረግኩት የናሙና አሰባሰብ ነው።

አባቷ ግን በናሙና የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም። ሽማግሌ ስልክባቸው መልሳቸው አጭር ነበር፤ ይመረቅና ይምጣ። ክፋት የለውም፣ አልኩ። ክፋቱ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ድንች በአይሱዙ እየጫነ ወደ ሶዶ የሚያወርድ ሰውዬ፣ ከእኔ ጠቆር ረዘም ያለ፣ ከእኔ በግልጽ የሚበልጥ ኪስ ያለው፣ እሱም ሽማግሌ ላከ። አባትየው ለእሱም ልብ የሚሰቅል መልስ ሰጡት፤ እስቲ ይታሰብበት። እንግዲህ እኔ በሰኔ ካልጨረስኩ የሚታሰበው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ስታቲስቲክስ መማር አያስፈልግም።

አማካሪዬ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ግን ልባቸው ንጹሕ የሆነ ሰው ነበሩ። ከሌላ ከተማ መጥተው እዚህ የተመደቡ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ቢሯቸው ስገባ የጠየቁኝ ስለ ጽሑፉ አልነበረም።

«ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም፣ ዶክተር፤ ይደፋል።»

«ሲሙሌሽንም እንዲሁ ነው» አሉ፤ ያ ነበር ትምህርቱ በሙሉ።

በኋላ አብራሩልኝ። ኮምፒውተሩ ሲጀምር መናኸሪያው ባዶ ነው። የመጀመሪያው መንገደኛ ከፊቱ ማንም የለም፤ የእሱ አጠባበቅ ስለ መናኸሪያው ሳይሆን ስለ ባዶነቱ ነው የሚናገረው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጊዜ ይደፋል። ወረፋው አጀማመሩን እስኪረሳ ይጠበቃል። ያኔ የተሰላፊው ቁጥር ቢወጣም ቢወርድም በአንድ ከፍታ ዙሪያ ይሆናል፤ መስመሩ ይተኛል። የረጋ ሁኔታ የሚባለው ይህ ነው። ካልረጋ አትለካም። ካልለካህ አትጽፍም። ካልጻፍክ አትመረቅም። አማካሪዬ እዚህ ላይ አቆሙ፤ ካልተመረቅክ አታገባም የሚለውን እኔ ራሴ ጨመርኩበት።

የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይባላል፤ ጠበቅኩ። ወረፋው ግን እንኳን ሊረጋ በየቀኑ ይረዝማል። አንድ የኮምፒውተር ዓመት ጠበቅኩ፤ ሽቅብ። አሥር የኮምፒውተር ዓመት ጠበቅኩ፤ ሽቅብ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ከባዶ ይጀምራል፤ ባትሪዬ እንደ ሆነ ከሞተ ቆይቷል። እኔ ቆሽቴ አርሮ ስቀመጥ እትዬ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ፊታቸው ይፈካል፤ ሰዎቹ የተገላገሉ ይመስላቸዋል። መብራቱ ሲመጣና ወረፋው እንደገና ሲጀምር ደግሞ እንደ ጎረቤት ሐዘን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቀመጣሉ።

ከዚያ ወደ ማጭበርበር ገባሁ። ለውሸት መናኸሪያዬ መኪና ጨመርኩ። ነዳጅ አያስከፍልም፣ ትራፊክ አያስቆመውም፣ ምን ገደደኝ? ወረፋው ትንሽ ቀሰስ አለና ተመልሶ ሽቅብ። እትዬ ነገሩን ሲሰሙ የበለጠ መፍትሔ ሰጡኝ። የደጋ ሰው አይሱዙ ላይ ተጭኖም ይሄዳል፤ ለምን አይሱዙ አትልክላቸውም፣ አሉኝ። የአይሱዙ ነገር እንደማይነሳብኝ ረስተውት ነው። ያን ቀን ቁርሴን ሳልጨርስ ወጣሁ።

አማካሪዬም የጨመርኩትን መኪና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙብኝ። ከየት አመጣኸው፣ አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከሚሄደው የሚመጣው ከበለጠ፣ አሉኝ፣ እስከ ዕለተ ምጽአት ብትጠብቅ አይረጋም፤ ቁጥሮችህ የሚሉት በየቀኑ ከሚሄደው ሰው በብዙ የሚበልጥ ሰው ይመጣል ነው፤ እንዲያ ከሆነ እውነተኛው መናኸሪያ እስካሁን ሞልቶ ጫሞ ሐይቅ ድረስ መድረስ ነበረበት፤ ሂድና እይ፣ ደርሷል?

ሄጄ አየሁ። ሊመሽ ሲል ነው። መናኸሪያው ውስጥ አንድ ተራ አስከባሪ፣ ሁለት ፍየልና የሙዝ ልጣጭ ብቻ ነበሩ። ጫሞም እንደ ልማዱ ከሩቅ ያብለጨልጫል፤ የተሰለፈ ሰው አይታይበትም።

ቁጥሬ ልክ ነው ብዬ ምዬ ነበርና ሌላ ማብራሪያ መፈለግ ነበረብኝ። ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት ነው፣ አልኩ። አማካሪዬ ይህን ሲሰሙ፣ ያን ሁሉ ጓዝ ተሸክሞ የመጣ የደጋ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ በዓይንህ አይተሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም። የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በበሩ የሚገባውን። መናኸሪያው በር አጠገብ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ የአርባ ምንጭን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ጥላ ትቶ ሌላ ቦታ ተቀምጦ እንደማይቆጥር ይረዳልኛል። ጥላው ያለው መግቢያው ላይ ነው። ሰው በእግሩ የሚወጣበት የአጥር ቀዳዳ ደግሞ ከጀርባ፣ ፀሐዩ ላይ ነው።

ሰኔ ገባ። አንድ ቅዳሜ እጮኛዬ ከወትሮዋ በአንድ ቀን ቀድማ ከአክስቷ ቤት ልትመለስ ስትል እንደ ወጉ ልንሸኛት ወጣን። አክስቷ አሉ፣ የአክስቷ ጎረቤት አለች፣ የጎረቤቷ እናት አሉ፣ እትዬም «እኔም እግሬን ላፍታታ» ብለው ተከትለውናል። እኔ ለአባቷ የገዛችውን ሙዝ፣ ያን የኩልፎ ወንዝ ዳር ግንድ የሚያህል ዘለላ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌያለሁ። በእኛ አገር መንገደኛ ብቻውን መናኸሪያ ከቆመ የሚጠይቀው ሰው የለውም ማለት ነው፤ ነውር ነው። አንዱ ጓዝ ይይዛል፣ አንዱ ቀድሞ ገብቶ ወንበር ይይዛል፣ አንዱ ሂሳብ እኔ ልክፈል ብሎ ይጣላል፣ ሌላው ምንም አያደርግም፤ ግን ይኖራል። ሁሉም መኪናው እስኪነሳ ይቆያል።

መናኸሪያው ስንደርስ እጮኛዬ ወደ ጥግ ጎተተችኝ። አባቷ ለባለ አይሱዙው ሽማግሌዎች የመጨረሻ ቀጠሮ እንደሰጡ ነገረችኝ። የነገ ሳምንት እሑድ ነው።

«የአንተ ነገር ረግቷል ወይስ አልረጋም?» አለችኝ። «አንዱን ንገረኝ። እኔ በመሐል ቤት መቆም ሰልችቶኛል።»

ስለ ቁጥሮቹ ማስረዳት ጀመርኩ፤ የደነገጠ ሰው ሁልጊዜ የሚያውቀውን ነው የሚያወራው። በሩ ላይ ተቀምጬ አንድም ሰው ሳይዘለኝ እንደቆጠርኩ፣ ወረፋው ግን ምን እንደነካው እንዳልገባኝ ነገርኳት። እሷ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ወደ አክስቷ፣ ወደ ጎረቤቷ፣ ወደ ጎረቤቷ እናት፣ ወደ እትዬ አየች፤ እትዬ ቅጥቅጡ ውስጥ ገብተው መስኮት ዳር ወንበር ይዘውላታል፤ በጣም ተመችቷቸዋል።

«ዛሬ ዛፉ ሥር ተቀምጠህ ቢሆን፣ እኛ ስንገባ ስንት ብለህ ትጽፍ ነበር?»

ነገርኳት።

«ሁላችንም ገረሴ እንሄዳለን?»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ተወልጄ ያደግኩት ሽኝት ውስጥ ነው፤ ሸኚ ለብቻው የሚቆጠር ሌላ ሰው መሆኑ አንድ ቀን እንኳ በአእምሮዬ አልዞረም። ለእኔ መንገደኛ ማለት ከነሸኚዎቹ ነው። ያን ሁሉ አክስት፣ ጎረቤትና የጎረቤት እናት ቆጥሬ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ፣ ወደማይሄዱበት ገረሴ እንዲሄዱ አሰልፌያቸዋለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ መኪና ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ጥቂቶቹ ሊሄዱ፣ የቀሩት ደህና ግቢ ሊሉ መጥተው።

ሮጥኩ። ባጃጅ እንኳ አልያዝኩም። ትዝ ያለኝ ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። ቤት ደርሼ በሩን ስከፍት ትከሻዬ ላይ የሚከብደኝ ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ፤ የአባቷ ሙዝ። እሷን መናኸሪያ ጥግ ላይ፣ ጥያቄዋን እንኳ ሳልመልስ፣ ቻው ሳልል፣ ሙዟን ይዤባት ትቻት መጥቻለሁ። ስመለስ ቅጥቅጡ ተነስቷል። ተራ አስከባሪው ልጅቷ እስከ መጨረሻው ወደ በሩ ስታይ እንደነበር ነገረኝ፤ ባይነግረኝ ይሻል ነበር። እትዬም በዚያው ጠፉ፤ ወንበሩ ተመችቷቸው ገረሴ ሄዱ ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ለካ አክስትየው ቤት አረፍ ብለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት እንደ እኔ ላለው ነው፤ እኔ ግን የሚለቀምም አላገኘሁም። ስደውል ስልኳ አይሰራም፤ በደጋው ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፤ ወይም ደግሞ ሆን ብላ ዘግታዋለች።

የቀረኝ አንድ ሳምንት ነው። ጥላውን ትቼ ፀሐይ ላይ ወጣሁና እንደገና መቁጠር ጀመርኩ። አሁን በሩ ላይ ሳይሆን ቅጥቅጡ ደጃፍ ላይ ቆሜ እያንዳንዱን እጠይቃለሁ፤ ሂያጅ ነዎት ሸኚ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አንዲት እናት ተቆጡኝ፤ መሸኘቴ ቅር ካለህ ንገረኝ፣ አሉ። አንድ ጎረምሳ ሸኚ ነኝ አለኝና መኪናው ሲነሳ ዘሎ ገባ፤ ዘመዶቹ ለምነውት ነው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ደግሞ ጥያቄዬን በጥሞና ሰምተው፣ ወደ መኪናው አይተው፣ ወደ ሰማይ አይተው፣ ገና አልወሰንኩም አሉኝ። ለእሳቸው የሚሆን ዓምድ ስላልነበረኝ ጨመርኩላቸው፤ በጽሑፌ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

አዲሱን ቁጥር ሳስገባ መብራት ጠፋ። ቅዳሜ ጠፋ፣ እሑድን ጠፍቶ ዋለ። ገረሴ ላይ ስለ እኔ ሕይወት ሲወሰን እኔ ጨለማ ውስጥ የጠፋ ስክሪን ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ተቀምጫለሁ። እትዬ እንኳ ስለ ሰዎቹ አልጠየቁኝም። አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ ሙዙን ግን ይልጣሉ። የማን እንደሆነ ስነግራቸው ደነገጡ፤ ቢሆንም የያዙትን ጨረሱት።

መብራቱ ሲመጣ መናኸሪያው ተከፈተ። ወረፋው ወጣ፣ ወጣ፣ ቀስ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ትንሽ ወጣ፣ ከዚያ ተኛ። ከፍ ዝቅ እያለ በአንድ ከፍታ ላይ ይሄዳል። እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ አልኳቸው። ስክሪኑን ዳበስ አድርገው ፈጣሪን አመሰገኑ። አማካሪዬ ደግሞ ወረቀቱን ከብርሃን ጋር አስተያይተው ካዩ በኋላ የመጀመሪያውን ክፍል በእስክሪብቶ ቆርጠው ጣሉት፤ የቀረው ላይ ፈረሙ። ጽሑፍህን ለመከላከል ቅረብ፣ አሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ እሑድ አልፏል።

ቢሆንም ወደ ገረሴ ወጣሁ። ቢያንስ ሙዙን መመለስ አለብኝ ብዬ ከኩልፎ ዳር ሌላ ዘለላ ገዛሁ፤ መስመሩ የታተመበትን ወረቀት ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩ። እትዬ ሸኙኝ። ቅጥቅጡ ዳገቱን ሲያያዘው፣ ሙቀቱ ከኋላ ቀርቶ ጉሙ ሲመጣ፣ የምናገረውን እየደጋገምኩ አጠናሁ። ሲደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

አባትየው ጓሯቸው ውስጥ እንሰት ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ሙዙን ተቀበሉኝ፤ ወንበር አወጡልኝ። እጮኛዬ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩት፣ አዙረው አዩት፣ መንገድ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው፤ ስለ ዛፉ፣ ስለ ሸኚዎቹ፣ ስለ ተኛው መስመር። ሸኚዎቹ ላይ ስደርስ ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። መልካም፣ ረግቷል ማለት ነው፣ አሉ።

በመጨረሻ እንደ ምንም ብዬ ስለ እሑዱ ጠየቅኳቸው።

«እሑድ ምን አለ?» አሉ።

«የባለ አይሱዙው ሽማግሌዎች…»

«እነሱማ አልመጡም። ልጂቱ ቅዳሜ ከአርባ ምንጭ ስትመለስ፣ የመንገዱን አቧራ ሳታራግፍ፣ እዚህ ደጅ ላይ ቆማ ነገረችኝ። ‹አባባ፣ እንዳይለፉ ላክባቸው። እኔ ሰው አለኝ፤ መናኸሪያ ውስጥ ጠፍቶብኛል እንጂ› አለች። በማግስቱ ላክሁባቸው።»

ያቺ ቅዳሜ እኔ ጥግ ላይ ትቻት የሮጥኩባት ቅዳሜ ናት። ጥያቄዋን ሳልመልስላት፣ መስመሩ ሳይተኛ፣ መቁጠር እንኳ እንደገና ሳልጀምር፣ በዚያ ሁሉ ንዴቷ መካከል እሷ ቁርጧን ተናግራ ነበር። እኔ የምጠብቀው ነገር ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ከርሟል። ዕንባዬ መጣ፤ ደስታም ሀፍረትም ነበረበት፤ የትኛው እንደበለጠ አልለየሁም። አባትየው ያላዩ መስለው ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ልጄ ስትመጣ አብራችሁ ትበላላችሁ ብለው ቆጮውን ሊያሞቁ ገቡ።